ቤት ለእንቦሳ ያልተባለበት ቤት

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ የማነበው ከሥራ መልስ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ዛሬ ግን ማንበቡን ትቼ ልጻፍልዎ ብዬ ተነሳሁ።

ደሴ ውስጥ 11 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጀመሪያ ፓርኪንግ ካሸር ነበርኩ። ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ሆኜ ሠራሁ። ዲግሪዬን አስገምግሜ፣ የጎደሉኝን ኮርሶች ማታ ማታ ተምሬ፣ ፕራክሲስ የሚሉትን ፈተና በሁለተኛው ሙከራ አልፌ፣ ዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሜሪላንድ ውስጥ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ሆንኩ። በዚያው ሰሞን ከአክስቴ ልጅ ቤዝመንት ወጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ የራሴን ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራየሁ። ክሬዲትሽ ገና ነው ስላሉኝ የሁለት ወር ኪራይ ዲፖዚት አስይዣለሁ። ሥራም ቤትም በአንድ ወር! ሰው ሁሉ እልል አለልኝ።

አሁን ኅዳር ነው። ልጆቹ አይሰሙኝም። ደሴ 65 ተማሪ ይዤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የጠመኔው ድምፅ ይሰማ ነበር። እዚህ 28 ናቸው፤ ግን የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም። አንድ ልጅ አለ። "ሰርቲ ስሪ" ባልኩ ቁጥር ከኋላ ሆኖ ልክ እንደኔ አድርጎ ይደግመዋል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሒሳብ እያስተማርኩ 33ን እንዴት ልዝለለው? ስቆጣው ደግሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ስሜም ጠፍቷል። እዚህ አገር መምህር የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምሰማው የአባቴን ስም ነው። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ስሙ በ"ጥ" ይጀምራል፤ አንዳቸውም አልቻሉትም። "ሚስ ቲ" ብለው ቆርጠውታል።

የወላጆች ኢሜይል ማታ 4 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ እሱን ሳነብ እንቅልፌ ይጠፋል። ባለፈው ምክትል ርዕሰ መምህሯ ክፍሌ ገብታ ስታየኝ ቆይታ "ብዙውን የምትናገሪው አንቺ ነሽ፣ እነሱ ይናገሩ እንጂ" አለችኝ። እንዴ! መምህሯ ማን ሆና ነው?

የአክስቴ ልጅ፣ እትዬ ነው የምላት፣ "ምን ጎደለብሽና ነው የወጣሽው?" ብላ አኩርፋለች። ለታንክስጊቪንግ ደውላ "ሥራ ካልበዛብሽ ነይ" አለችኝ። አነጋገሯ ስለከበደኝ ቀረሁ። እናቴ ደሴ ሆና "አሁንማ መምህርት ሆንሽ፣ ተገላገልሽ" ትለኛለች። "ደህና ነኝ እማዬ" ብዬ እዘጋለሁ።

ቤቱ ውስጥ ያለኝ ፍራሽና አንድ ወንበር ነው። አንድ ቅዳሜ ቡና ልቁላ ብዬ ጭሱ አላርሙን አስጮኸው። ጎረቤቴ ወጥቶ በሬን አንኳኳ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ረከቦቱን ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ መለስኩት። ከሥራ ስመለስ የአፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አጥፍቼ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አለቅሳለሁ። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ ወደ ላይ እወጣለሁ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በታኅሣሥ ዕረፍት ሥራውን ለቅቄ ወደ ረዳት መምህርትነቴ ልመለስ? እዚያ ማንም አይስቅብኝም ነበር። ወይስ ልቻለው?

ሚስ ቲ ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ያን "ሰርቲ ስሪ" ባይ ልጅ ጆሮውን ልይዘው አማረኝ። (አንቺ እንዳትይዢው። እዚያ አገር ጆሮ መያዝ ጦሱ ብዙ ነው።) በሁለተኛው ንባብ ግን ሌላ ቦታ ላይ ቆምኩ። የምታለቅሺው ትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ አይደለም። ከክፍል ወጥተሽ፣ መኪና አስነስተሽ፣ በዚያ ሁሉ ትራፊክ ነድተሽ፣ የራስሽ ቤት ደጃፍ ደርሰሽ ነው። ልብ ብለሽዋል?

የጠየቅሽኝ ስለ ሥራው ነው። እንባሽ የሚመጣው ግን ቤትሽ በር ላይ ነው። ስለዚህ ቅር ካላለሽ ከጥያቄሽ በፊት ከቤቱ ልጀምር።

ደሴ አዲስ ቤት ብትገቢ ኖሮ ዕቃሽን ሳትፈቺ ቤቱ በሰው ይሞላ ነበር። አንዷ ስኳር፣ አንዷ ዳቦ፣ ሌላዋ ባዶ እጇን መጥታ "ቤት ለእንቦሳ" ትልሻለች። አንቺም "እንቦሳ እሰሩ" ብለሽ ታስገቢያታለሽ። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ጥጃው የት እንደሚታሰር አላውቅም። ቢሆንም መባል አለበት። አንቺ ቁልፍ ተቀበልሽ፣ ፍራሽ ዘረጋሽ፣ በቃ። ከነሐሴ ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ የተሰማው የሰው ድምፅ የማን ነው? የስልኩ ካልሆነ በቀር?

ቤዝመንት ውስጥ ሳለሽ በጣሪያው በኩል የእትዬ እግር ይሰማሽ ነበር። የሽንኩርቱ ሽታ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ ያማረርሽውም ይሆናል፤ ግን ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ የሚነግርሽ እሱ ነበር። አሁን በሩን ስትከፍቺ የሚጠብቅሽ ዝምታ ነው። መኪናዋ ውስጥ ሃያ ደቂቃ የምትቆዪው እሱን ላለመክፈት ይመስለኛል። ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

ወደ እትዬ እንምጣ። "ሥራ ካልበዛብሽ ነይ" ያለችሽ ታንክስጊቪንግ ዕለት ነው። ያኮረፈ የእኛ ሰው ሲጠራ እንዲህ ነው የሚጠራው። አቅፎ አይጠራም፤ በአሽሙር ይጠራል። ግን ደውላለች። "ምን ጎደለብሽ?" ያለችሽንም ደግመሽ ስሚው። አንቺ ወቀሳ አድርገሽ ሰምተሽዋል። እኔ ደግሞ "ምን አጎደልኩብሽ?" የምትል ሴት ትሰማኛለች። ስትወጪ መልስ ሰጥተሻታል? ወይስ የሆነች ቀን ሻንጣሽን ይዘሽ ብቻ ወጣሽ?

የፊታችን እሑድ ሂጂ። በስልክ አይሆንም፤ በአካል። ማብራሪያ ይዘሽ አትሂጂ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሳታጉረመርም አትቀርም፤ ተያት ታጉረምርም። አትከላከዪ። ሲበርድላት "እትዬ፣ ቤቴ እስካሁን አልተመረቀም፤ አንቺን እየጠበቀ ነው። ነይና የመጀመሪያውን ቡና አፍይልኝ" በያት። እምቢ አትልሽም። እምቢ ካለችም በሳምንቱ ጀበናዋን ይዛ ትመጣለች፣ ታይዋለሽ።

ስለዚያ አላርም ትንሽ ላውራ። ባሕር ማዶ የሚኖር የእኛ ሰው ውስጥ የጭስ አላርም ያላስጮኸ ያለ አይመስለኝም። እኔ ራሴ ፎጣ ይዤ ወንበር ላይ ወጥቼ አየሩን ሳራግብ አንድ የማላውቀው ሰው በር ላይ ቆሞ አይቶኛል። ስለዚህ ማፈሩ ይብቃ። ባትሪውን ግን እንዳታወጪ፤ ከሰልም ቤት ውስጥ እንዳታቀጣጥዪ፤ የማይታይ የማይሸት ጋዙ ገዳይ ነው። መስኮት ከፍተሽ፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ አብርተሽ፣ አንድ እፍኝ አንድ እፍኝ እያደረግሽ ከቆላሽ አይጮህም። ጎረቤትሽ በር ሲያንኳኳ ምን እንዳለሽ አልጻፍሽልኝም። ተቆጣ? ወይስ እሳት መስሎት ደንግጦ ነው የመጣው? እትዬ በመጣች ቀን አንድ ስኒ ይዘሽ በሩን አንኳኪ። "የዚያን ቀን ጭስ ይኸው ነበር" ማለት በየትኛውም ቋንቋ ይገባል።

ወንበር አንድ ብቻ ነው ያልሽውም አሳስቦኛል። እንግዳ የት ይቀመጣል? እዚህ ላይ ያንቺ የሁለት ወር ዲፖዚት ነገር ትዝ አለኝ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሜሪላንድ በሚፈረም የኪራይ ውል አከራይ በመደበኛው ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መጠየቅ አይችልም። ክሬዲትሽ አዲስ ነው ማለት ምክንያት አይሆንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ካውንቲው የአከራይና የተከራይ ጉዳይ የሚያይ ቢሮ አለው። ውልሽንና የከፈልሽበትን ደረሰኝ ይዘሽ ጠይቂ። ለአከራዩ መጀመሪያ በጨዋ ቋንቋ በጽሑፍ ላኪለት፤ አንዳንዱ ሕጉን ስትጠቅሺለት ወዲያው ይመልሳል። በሚመለስልሽ ገንዘብ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ግዢ። የቀረውን እንደፈለግሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ያንቺም የልጆቹም ጥፋት አይደለም። ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ላይ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሰውታል። በታኅሣሥ አንቺ ባለሽበት ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። ደሴ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ሲመሽ የለመደ ሰውነት ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል። በጨለማ ወጥተሽ በጨለማ ትገቢያለሽ። የምሳ ሰዓትሽን ክፍል ዘግተሽ ወረቀት ስታርሚ እንደምታሳልፊው እገምታለሁ። አሥር ደቂቃ ውጪ ቁሚ። ካፖርትሽን ልበሽና ዝም ብለሽ ቁሚ። ለቅሶው ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከሆነ፣ እንቅልፍና ምግብም ከከለከለሽ፣ ሐኪምሽን አነጋግሪ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለሠራተኞቻቸው በነፃ የምክር አገልግሎት አላቸው፤ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ፣ በምስጢር ነው የሚያዘው። ደግሞ አንድ ቀን መኖር ራሱ ከከበደሽ 988 ደውዪ፤ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ። ይህን የምልሽ እንደዚያ ነሽ ብዬ አይደለም። ቁጥሩን እወቂው ብዬ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ።

ደሴ ስትገቢ ክፍሉ ብድግ ይል ነበር። ጠዋት ሰልፍ አለ፣ ዩኒት ሊደር አለ፣ የሚያወራውን ስሙን የሚመዘግብ ሞኒተር አለ፣ ያ ነጭ ጋውንሽ አለ። እጃቸውን አውጥተው "ቲቸር! ቲቸር!" እያሉ ጣት ሲያስጮኹ ይታየኛል። እውነቱን እንነጋገር። ያ ሁሉ ክብር አንቺ ከመድረስሽ በፊት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅሽ ነበር። ከአንቺ በፊት የገቡት መምህራን ሁሉ ያስቀመጡት ነው። አሜሪካ ግን የሚጠብቅሽ የለም። ማንንም አይጠብቅም። እዚያው ኮሪደር ላይ ሃያ ዓመት ያስተማረችውም ሴት በየነሐሴው ከዜሮ ነው የምትጀምረው፤ ልዩነቱ እሷ ይህን ታውቀዋለች። ስለዚህ የጎደለሽ ችሎታ አይደለም። 11 ዓመት 65 ልጅ የያዘች ሴት ችሎታ አያንሳትም።

ዓይን ዓይንሽን ማየቱን በተመለከተ ተጠንቀቂ። አገራችን ልጅ ሲቆጡት ዓይኑን ይሰብራል፤ ካልሰበረ ደፋር ነው። እዚያ ግን ከሕፃንነታቸው "ሳናግርህ እየኝ" እየተባሉ ነው የሚያድጉት። ያ ልጅ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ግን ትእዛዝ እየፈጸመ ይሆናል።

ምክትሏ ያለችሽም ስድብ አይደለም። "ብዙውን የምትናገሪው አንቺ ነሽ" ማለት "አታውቂም" ማለት አይደለም። እዚያ ሒሳብ ሲማሩ መልሱን ከማግኘት እኩል እንዴት እንዳገኙት ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። ይህን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንድ ለአምስት የሚለውን ስም ስንሰማ ብዙዎቻችን ፊታችን ይጨማደዳል፤ ስብሰባውንና ሪፖርቱን እናስታውሳለን። ግን 65 ልጅ ይዘሽ ጎበዙን ከደካማው አጠገብ ስታስቀምጪ፣ "አንተ አስረዳው" ብለሽ ስታልፊ የነበረው ራሱ ነው። ይህንኑ ሌሰን ፕላንሽ ውስጥ አስገቢው። አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ፣ ሦስት ደቂቃ ለብቻቸው በዝምታ፣ ሦስት ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ጋር፣ ከዚያ አንዱ ወጥቶ ያስረዳ። አንቺ ከኋላ ቁሚ። ከኋላ መቆሙ ለሌላም ይጠቅምሻል፤ ያ ልጅ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ደወል ሳይደወል በሩ ላይ ቁሚና ሲገቡ አንድ በአንድ ሰላም በያቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ከመግባታቸው በፊት ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይጠብቃቸው። በየቀኑ፣ ሳይቀያየር። ሲንጫጩ ድምፅሽን አታንሺ፤ ዝም በይና ጠብቂ። መጀመሪያ ሞኝ የሆንሽ ይመስልሻል። አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ቢሆንም ይሠራል።

የማታ ኢሜይሉን ከማታ 2 ሰዓት በኋላ አትክፈቺ። ልጁ እስከ ነገ ጠዋት ይቆያል፤ ሒሳቡም ይቆያል። ይልቅ በየሳምንቱ ለሁለት ወላጆች አንቺ ቀድመሽ ጻፊ፣ ስለ ጥሩ ነገር። "ልጅዎ ዛሬ ክፍልፋይን ለጓደኛዋ በሚገባ አስረዳች" የሚል ሁለት መስመር። ከትምህርት ቤት የሚመጣ ኢሜይል ሁሉ ክስ የሚመስለው ወላጅ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል ገምቺ።

ስለ 33 እናውራ። አማርኛችን ያቺን ድምፅ የላትም። ምላስ ጥርስ መሐል ገብቶ የሚተነፈስባት ድምፅ እኛ ጋ ነውር ነው የምትመስለው። እነሱ ደግሞ "ጥ" የላቸውም። ነገሩ እኩል ነው፤ ሳቁ ግን በአንድ ወገን ብቻ ሆኗል። ያን ልጅ በክፍሉ ፊት አትግጠሚው። ክፍሉ ሲወጣ በር ላይ ሁለት ደቂቃ አስቀሪውና ጠይቂው። "ስትደግመው ምን ፈልገህ ነው?" በዪውና ዝም በይ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። መልስ ላይኖረው ይችላል። ዝም ማለትሽ ራሱ ይነግረዋል።

በማግስቱ ከክፍለ ጊዜው አምስት ደቂቃ ስረቂ። 33 ብለሽ ሰሌዳው ላይ ጻፊና "ይህን ድምፅ ካደግሁ በኋላ ነው የተዋወቅሁት፤ አሁን ደግሞ እናንተ ይቺን ሞክሩ" ብለሽ "ጥ"ን በትልቁ ጻፊላቸው። ትንፋሽ ቆልፎ ማፈንዳት እንደሆነ አሳያቸው። 28 ልጅ "ጥ! ጥ! ጥ!" ሲል ክረምት ላይ የሚያፈስ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው የሚመስለው። ይሳቁ። አንቺም ሳቂ። ከዚያ ይህ የአባቴ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው በያቸው። እኛ አገር መምህር በራሱ ስም እንደሚጠራ፣ እዚህ መጥተሽ ግን በየቀኑ የአባትሽን ስም እንደምትሰሚ ንገሪያቸው። ማረፋቸውን መንገር አለመንገር ያንቺ ፈንታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉውን ስም የሚሞክረውን አመስግኚ፤ ባይችለውም።

ምክንያቱም አንድ ነገር አስተውያለሁ። ልጆቹ የአባቴን ስም ቆረጡት ብለሽ አዝነሻል። የአባትሽን ስም ሲጠሩት አንድ ጊዜ እንኳ አርመሻቸው ታውቂያለሽ? ለእኔ የላክሽውን ደብዳቤ የፈረምሽው "ሚስ ቲ" ብለሽ ነው። እኔ ደግሞ "ጥ" ማለት እችላለሁ እኮ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ልጁ ከቀጠለ ግን ችለሽ እንዳትቀመጪ። በሰው አነጋገርና በመጣበት አገር ማፌዝ ትምህርት ቤቱ ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። ቀኑንና ያለውን በማስታወሻ ያዢ። ለምክትሏ በጽሑፍ አሳውቂ። መምህርት ስለሆንሽ ብቻ መሰደብ አለብሽ የሚል ሕግ የለም።

እንግዲህ "ልልቀቅ ወይ?" ላልሽው። ረዳት መምህርትነት ዝቅ ማለት አይደለም። እንዲያውም ሰው ደስ ብሎት የሚሠራው ሥራ ነው። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ረዳት ሳለሽ ደስ ይልሽ የነበረው ከልጆቹ ጎን ተቀምጠሽ አንድ በአንድ መርዳቱ ነው? ወይስ ፊት ቆመሽ አለመታየቱ? የመጀመሪያው ከሆነ ይህ ምክንያት በመጋቢትም በሰኔም ይኖራል፤ ያኔም ልትመለሺበት ትችያለሽ። ሁለተኛው ከሆነ ግን ቆም በይ። ከፓርኪንግ ካሸርነት ተነስተሽ ማታ ማታ የተማርሽው ላለመታየት አልነበረም።

የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ፣ በታኅሣሥ አትልቀቂ። ጤናሽ ካልፈቀደ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ጤና ይቀድማል። አለበለዚያ ግን በዓመቱ አጋማሽ ውል አፍርሶ መውጣት የማስተማር ፈቃድሽን ሊነካብሽ ይችላል። በጊዜው አሳውቆ በዓመቱ መጨረሻ መውጣት ግን ሌላ ነው። የፈረምሽውን ውል አውጥተሽ አንብቢው። ትምህርት ቤትሽ ውስጥ የመምህራን ማኅበሩ ተወካይ ይኖራል፤ ለአለቆችሽ ቃል ከመተንፈስሽ በፊት እሱን አነጋግሪ። ደሞዝሽ በ10 ወር ነው ወይስ በ12 ወር የሚከፈልሽ? ይህንንም እወቂ። በ10 ወር ከሆነ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ደሞዙም ይቆማል፤ ኪራዩ ግን አይቆምም። ካሁኑ ትንሽ ትንሽ ማስቀመጥ ወይም ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ዕቁብ መግባት ይጠቅምሻል። ዕቁቡ ደግሞ ሰው ያመጣልሻል።

ሌላም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ አዲስ መምህር የሚያማክረው ነባር መምህር እንዲመደብለት በግዛቱ የትምህርት ደንብ ውስጥ ተቀምጧል። አንቺ አልጠቀስሽም። ተመድቦልሽ ዝም ብለሽው ነው ወይስ አልተመደበልሽም? ሰኞ ጠይቂ። አማካሪሽን ስታገኚያት "እንዴት ነው ሥራው?" ስትልሽ "ደህና ነው" እንዳትያት። "የእኔን ልጆች በሌላ ሰው ክፍል ልያቸው" በያት። ያንኑ ልጅ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠሽ እዪው። እዚያም የሚያስቸግር ከሆነ ጉዳዩ አንቺ እንዳልሆንሽ በዓይንሽ ታረጋግጫለሽ። እዚያ ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ መምህሯ ምን እንደምታደርግ ታያለሽ። በሁለቱም ታተርፊያለሽ።

ውሳኔውን ለመጋቢት አቆዪው። ማርች ሁለተኛው እሑድ ላይ ሰዓቱ ወደ ፊት ይመለሳል፤ ከሥራ ስትወጪ ፀሐይ ታገኛለሽ። በጨለማ የተወሰነ ነገር በብርሃን ሲያዩት ሌላ ይመስላል፤ ከራሴም ከሌሎችም ያየሁት ነው። እስከዚያ በአንዲት ደብተር ላይ በየማታው አንድ መስመር ጻፊ። ዛሬ የገባው ልጅ ማን ነው? ስሙን ብቻ። በመጋቢት ደብተሩን ከፍተሽ ስሞቹን ቁጠሪ፤ ሒሳብ መምህርት አይደለሽ?

ገናን እንዳትረሺ። ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ነው። ካሁኑ ፈቃድ ጠይቂ፤ በዋዜማው ከጠየቅሽ ምትክ መምህር አይገኝም ይሉሻል።

ለእናትሽ ሁሉን አትንገሪያት። ግማሹን ንገሪያት። "እማዬ፣ ሥራው ትንሽ ከብዶኛል" በያት። የምትጸልይልሽን ነገር ትወቀው እንጂ።

በየካቲት ጻፊልኝ። ያ ልጅ "ጥ"ን እንዴት እንዳላት ንገሪኝ፤ የምር ጓጉቻለሁ። ረከቦቱን ግን ዛሬ ማታ ከሻንጣው አውጪው። እትዬ ስትመጣም ቡናው ምድጃ ላይ ከመውጣቱ በፊት መስኮቱን ክፈቺ።